የውሻችሁ ዓይን ጥግ ላይ ቀይ ነገር ብቅ ካለ፦ ዕጢው ወደ ቦታው ይመለስ እንጂ አይቆረጥ

ጠዋት ተነስታችሁ ቡችላችሁን ስታዩት በአፍንጫው በኩል ባለው የዓይኑ ጥግ ላይ ቀይ ድቡልቡል ነገር ተቀምጧል። ማታ አልነበረም። ለስላሳ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ የሽምብራ ፍሬ ያክላል። ቡችላው ግን ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ጅራቱን እየቆላ ቁርሱን ይጠብቃል።

የእንስሳት ሐኪሞች «ቼሪ አይ» ይሉታል። ቼሪ የምትባለውን ቀይ ፍሬ ስለሚመስል ነው። ሲያዩት ያስደነግጣል፤ ግን ይታከማል። የሚታከምበት መንገድ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ይህን የምለው በሁለት ውሾቼ ስላየሁት ነው።

የመጀመሪያው ጃክ ነበር፤ ኮከር ስፓንየል። አንድ ዓመት ሳይሞላው ወጣበት። ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት፤ «ትርፍ ሥጋ ነው» ተብሎ ተቆረጠ። በዚያው ቀን ዓይኑ ጥርት ብሎ ስላየሁት ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ተመለስኩ። ስድስት ዓመት ሲሆነው ግን ጠዋት ጠዋት ዓይኑ ላይ ሙጫ የመሰለ ዓይናር መያዝ ጀመረ። በሞቀ ውሃ አለስልሼ ስጠርገው ከሰዓት ተመልሶ ይመጣል። ቀስ በቀስ የዓይኑ ማብረቅረቅ ጠፋ። ከዚያ ከጥጉ ተነስቶ ጥቁር ነገር እንደ መጋረጃ ሸፈነው። እንባው ደርቆ ነበር። እስኪሞት ድረስ በየቀኑ ሁለት ጊዜ መድኃኒት አደረግኩለት።

ሁለተኛዋ ሚሚ ናት፤ ቢግል። በአምስት ወሯ ወጣባት። የእሷን ዕጢ አልቆረጡትም፤ መልሰው ሰፉት። ዛሬም ዓይኗ እንደ ብርጭቆ ያበራል።

ይህ ዕጢ ምንድን ነው?

ውሻ ከላይና ከታች ካለው የዓይን ቆብ ሌላ ሦስተኛ ቆብ አለው። በአፍንጫው በኩል ካለው ጥግ ተነስቶ ዓይኑን እየወለወለ የሚመለስ ስስ መጋረጃ ነው። ውሻችሁ እንቅልፍ ሲያዳፋው ነጣ ያለ ነገር ዓይኑን ግማሽ ድረስ ሲሸፍነው አይታችሁ ይሆናል። እሱ ነው። መጋረጃውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እንደ ጆሯችን ያለ ለስላሳ አጥንት አለ። ከዚያ አጥንት ግርጌ ላይ ደግሞ እንባ የሚያመነጭ ዕጢ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በእኛ ቋንቋ «ዕጢ» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ካንሰር ነው። ሐኪሙ «ዕጢው ወጥቷል» ሲል ባለቤቱ ልቡ ይሰነጠቃል፤ «ቶሎ ቆርጣችሁ አውጡልኝ» ይላል። ይህኛው ግን በሽታ አይደለም። ምራቅ እንደሚያመነጨው ዕጢ ሁሉ ሥራ ያለው ጤነኛ የሰውነት ክፍል ነው። የዓይኑን ውሃማ እንባ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን የሚሠራው እሱ ነው። ችግሩ ከቦታው መንሸራተቱ ብቻ ነው። ወደ ታች አስሮ የሚይዘው ሕብረ ሕዋስ ሲላላ ዕጢው ተገልብጦ ወደ ውጭ ይወጣል፤ አየርና አቧራ ሲነካው ደግሞ ያብጣል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ሁለት ዓመት ባልሞላቸው ውሾች ላይ ነው። ቡልዶግ፣ ኮከር ስፓንየል፣ ቢግል፣ ሺትዙ፣ ላሳ አፕሶ፣ ፔኪኒዝ፣ ኬን ኮርሶና ግሬት ዴን በብዛት ይጠቃሉ። በዘር የመምጣት ባሕርይ ስላለው የወጣበትን ውሻ አለማራባት ይመከራል።

በመጀመሪያው ቀን ቤት ውስጥ የምታደርጉት

ቁጭ በሉና ዓይኑን በብርሃን በደንብ እዩት። ቀዩ ነገር ከዓይኑ የውስጥ ጥግ፣ ከታችኛው ቆብ ጀርባ የመጣ ነው? ውሻው ዓይኑን በደንብ ይከፍታል? የዓይኑ ፊት እንደ መስተዋት ጥርት ያለ ነው? መልሱ አዎ ከሆነ ለሐኪም ደውላችሁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀጠሮ ያዙ። ዓይኑን ከጨፈነ፣ ብርሃን ከሸሸ ወይም የዓይኑ ፊት ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ነጭ ከተለወጠ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ውሰዱት። የዓይኑ መስተዋት፣ ማለትም ኮርኒያው፣ ቆስሎ ሊሆን ይችላል።

እስከዚያው ድረስ ሥራችሁ ሁለት ነው። ዕጢው እንዳይደርቅና ውሻው እንዳያከው ማድረግ። ከፋርማሲ ኖርማል ሳላይን ገዝታችሁ በንጹሕ ጎዝ እያራሳችሁ ዓይናሩን ጥረጉለት። ምንም መድኃኒት ያልተቀላቀለበት ሰው ሠራሽ የእንባ ጠብታ ካገኛችሁ በቀን አራት አምስት ጊዜ ጠብ አድርጉለት። ዓይኑን በእግሩ የሚያሽ ከሆነ ወይም ምንጣፍ ላይ የሚፈትግ ከሆነ የፕላስቲክ ኮን አንገቱ ላይ አድርጉ።

የማታደርጉት ደግሞ ይበልጣል። በጣታችሁ አትግፉት። አንዳንዴ ሐኪም ቀስ ብሎ ሲገፋው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ግን ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይወጣል። ባልታጠበ እጅ ሲገፋ ደግሞ ይቆስላል። ጨው፣ የሻይ ውሃ፣ የቅጠል ጭማቂ ዓይኑ ውስጥ አትጨምሩ። ቤታችሁ ያለው የቴትራሳይክሊን ቅባት ዕጢውን አይመልሰውም፤ ለባክቴሪያ ነው እንጂ ለተንሸራተተ ዕጢ አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ዴክሳ» (ዴክሳሜታዞን የሚባለው ስቴሮይድ) ያለበትን የሰው ዓይን ጠብታ ሐኪም ሳያየው አታድርጉ። ኮርኒያው ላይ ትንሽ ቁስል ካለ ያ ጠብታ ቁስሉን ያባብሰዋል፤ ዓይን እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል።

ለሕመሙ ብላችሁ የሰው አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አትስጡት። ለውሻ ጨጓራና ኩላሊት መርዝ ነው።

ሐኪም ቤት ስትደርሱ

የክትባት ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ፊቱን ለፊቱ አድርጎ የሚሠራበት ውሻ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ማወቁ መብቱ ነው።

ጥሩ ምርመራ ሁለት ነገር አይቀረውም። አንደኛው ሺርመር የሚባለው የእንባ መለኪያ ነው። ስሙን ያገኘው በ1903 እ.ኤ.አ. ካስተዋወቀው ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ከኦቶ ሺርመር ነው። ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ጫፉ ታጥፎ በታችኛው ቆብ ውስጥ ይቀመጣል፣ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ እንባው ወረቀቱን ምን ያህል እንዳራሰው ይነበባል። ለውሻ 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው። ከ10 በታች ከሆነ የዓይን ድርቀት አለ ማለት ነው። በመካከል ያለው ያጠራጥራል። ቁጥሩን ጻፉት፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማነጻጸሪያችሁ እሱ ነው።

ሁለተኛው አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም ነው፤ ፍሎረሲን ይባላል። ኮርኒያው ላይ ቁስል ካለ ቀለሙ እዚያ ላይ ይቀራል።

ሐኪሙ ሌላ ነገር አለመሆኑንም ያረጋግጣል። በትልልቅ ዝርያዎች ላይ አንዳንዴ የሚገለበጠው ዕጢው ሳይሆን ያ ለስላሳ አጥንት ነው፤ ሲያዩት ይመሳሰላል፤ ሕክምናው ግን የተለየ ነው። አሥር ዓመት በሆነው ውሻ ላይ ድንገት ቀይ እብጠት ከወጣ ደግሞ እውነተኛ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ናሙና መወሰድ አለበት። በቆቡ ጠርዝ ላይ፣ ከሽፋሽፍቱ ሥር የሚወጣ ኪንታሮት መሳይ ነገርም አለ። እሱ የሚመጣው እንባን ከሚያቀባው የጠርዝ ዕጢ ነው፤ በአሮጌ ውሾች ላይ ይበዛል። እሱን ግን ቆርጦ ማውጣት ትክክል ነው። ከቆቡ ርዝመት እስከ ሲሶ ድረስ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ተቆርጦ ጠርዝ ከጠርዝ ጋር ተገጥሞ ይሰፋል። ስለዚህ «የዓይን ዕጢ» የሚለውን ቃል ስትሰሙ የትኛው ዕጢ እንደሆነ ጠይቁ።

ከዚያ ዋናውን ጥያቄ ጠይቁ፦ «ዶክተር፣ ትመልሱታላችሁ ወይስ ትቆርጡታላችሁ?»

መልሱ «እንቆርጠዋለን፣ ይቀላል» ከሆነ አመስግናችሁ ውጡ። ይህን ስል ማንንም ለማስቀየም አይደለም። ድሮ በየአገሩ ይቆረጥ ነበር። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ዕጢው የተቆረጠባቸው ውሾች ከዓመታት በኋላ ዓይናቸው እንደሚደርቅ እየታወቀ ሲመጣ መመለሱ ዋናው ሕክምና ሆነ። መቁረጥ የሚቀረው ዕጢው ራሱ ካንሰር ከያዘው ወይም ጨርሶ ከሞተ ብቻ ነው።

አገር ቤት ላላችሁ፣ በአቅራቢያችሁ የሚሠራው ካልተገኘ ቢሾፍቱ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መጠየቅ ይቻላል። ውጭ ላላችሁ ደግሞ የውሻ ኢንሹራንስ ካላችሁ ውሉን ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንብቡት። በዘር ይመጣል የሚባለውን ሕመም የማይሸፍን ውል አለ።

የቀዶ ሕክምናው ዋዜማ

ውሻው ሙሉ ማደንዘዣ ስለሚወስድ ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። ለአዋቂ ውሻ ብዙውን ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምግብ አይሰጥም፤ ውሃ እስከ ጠዋት ይፈቀዳል። ትንሽ ቡችላ ግን ረጅም ሰዓት ከጾመ የደም ስኳሩ ይወርዳል። ስለዚህ ሰዓቱን ከሐኪሙ ተቀበሉ፤ በግምት አትሂዱ። አፍንጫቸው ጥፍጥፍ ያሉ እንደ ቡልዶግና ፔኪኒዝ ያሉት ከማደንዘዣ ሲነቁ አተነፋፈሳቸው ሊከብድ ይችላል። የእናንተ እንዲህ ከሆነ «እስኪነቃ ድረስ አጠገቡ የሚቆም ሰው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ

ለሚሚ ስትሠራላት ሐኪሟ ከጎን ቆሜ እንዳይ ፈቀደችልኝ። ስለዚህ ያየሁትን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ። ሐኪማችሁ ሲያስረዳችሁ እንዲገባችሁ ነው እንጂ ማንም ቤቱ እንዲሞክረው አይደለም።

ሚሚ ተኝታለች፤ ቱቦ በአፏ ገብቷል። ሐኪሟ ዓይኗን በውሃ በጣም በቀጠነ አዮዲን አጠበችው። ሳሙናና አልኮል ዓይን አጠገብ አይቀርብም። ከዚያ የሦስተኛውን ቆብ ጠርዝ በቀጭን መያዣ ሁለት ቦታ ላይ ይዛ ወደ ውጭ ገለበጠችው። ዕጢው ከውስጥ በኩል ጉብ ብሎ ታየ።

«ኪስ እሠራለታለሁ» አለችኝ። ዘዴው ሞርጋን በምትባል የእንስሳት ሐኪም ስም ይጠራል። ሞርጋንና ባልደረቦቿ በ1980 እና በ1990 እ.ኤ.አ. መካከል የታከሙ 89 ውሾችን ተከታትለው ውጤቱን በ1993 ስላወጡ ነው።

በትንሽ ምላጭ ከዕጢው በላይ አንድ፣ ከዕጢው በታች አንድ፣ ሁለት መስመር ቀደደች። እያንዳንዱ አንድ ሴንቲ ሜትር ያክላል። መስመሮቹ እንደ ቅንፍ ዕጢውን ከሁለት ወገን ከበቡት፤ ጫፋቸው ግን አልተገናኘም። ይህ በስሕተት የቀረ አይደለም። ዕጢው ከተሸፈነ በኋላም እንባ ማፍሰሱን ይቀጥላል፤ የሚወጣበት በር ያስፈልገዋል። ዙሪያውን ጥርቅም አድርጎ የሰፋ ሰው ውስጡ ፈሳሽ አጠራቅሞ እንደ ፊኛ ይነፋዋል።

ቀጥላ ዕጢውን ወደ ታች ጫን አድርጋ የሁለቱን መስመሮች የውጭ ከንፈር በላዩ ላይ አገናኘችው። ልክ ትራስን ትራስ ልብስ ውስጥ አስገብቶ አፉን እንደ መስፋት ነው። ክሩ ከሰው ፀጉር ብዙም አይወፍርም፤ 6-0 ይባላል። ዜሮው በበዛ ቁጥር ክሩ ይቀጥናል። ራሱ ስለሚሟሟ የሚነቀል ስፌት የለም።

በጣም ያስገረመኝ ቋጠሮው ነው። መርፌውን መጀመሪያ ያስገባችው ከቆቡ ፊት፣ ማለትም ዓይኑን ከማይነካው ወገን ነበር። እዚያ ቋጠረች፣ ወደ ውስጥ አሳለፈች፣ ሰፋች፣ ጨርሳ ደግሞ ወደ ፊት አውጥታ ቋጠረች። «ቋጠሮው ከውስጥ ከቀረ ባርገበገበች ቁጥር ኮርኒያዋን ይፍቀዋል» አለችኝ። ሐኪማችሁን «ቋጠሮው በየት በኩል ነው የሚሆነው?» ብትሉት ነገሩ እንደገባችሁ ያውቃል።

ሁሉም ነገር ከግማሽ ሰዓት ብዙ አልዘለለም።

ሌላም ዘዴ አለ። ዕጢውን በማይሟሟ ክር ከዓይኑ ጉድጓድ አጥንት ጠርዝ ጋር ማሰር ነው። ጠንካራ ነው፤ በትልልቅ ዝርያዎች ላይና ኪሱ ተለቅቆ እንደገና በወጣባቸው ውሾች ላይ ይመረጣል። ጉዳቱ ሦስተኛው ቆብ እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ ማድረጉ ነው። አንዳንድ ሐኪሞች ሁለቱን ያጣምራሉ።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት

ስፌቱን የሚያድነው ይህ ጊዜ ነው፤ የሚያበላሸውም ይኸው ነው።

ኮኑ ከ10 እስከ 14 ቀን አይወልቅም። ሲበላም፣ ሲተኛም። «ያሳዝናል» ብላችሁ ለአምስት ደቂቃ አታውልቁለት፤ አንድ ጊዜ በእግሩ ቢጎትተው ክሩ ይበጠሳል። ሚሚ በመጀመሪያው ቀን ኮኗን በየበሩ እያጋጨች አለቀሰች። ሳህኗን ከፍ ባለ ሳጥን ላይ ሳደርግላት ግን በማግስቱ ለመደችው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ዓይኑ ከበፊቱ የባሰ ሊያብጥ ይችላል። አትደንግጡ፤ በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ እየጎደለ ይሄዳል።

ሐኪሙ የሚያዝዘው ብዙውን ጊዜ የባክቴሪያ ቅባትና ለውሻ የተሠራ የሕመም ማስታገሻ ነው። ቅባት አቀባቡ እንዲህ ነው። ውሻውን ከፊት ለፊት አትቅረቡት፤ ቱቦው ወደ ዓይኑ ሲመጣ ስለሚያይ ይሸሻል። ከኋላው ሆናችሁ በእግሮቻችሁ መካከል አስቀምጡት። በግራ እጃችሁ አገጩን ቀና አድርጉ፤ በአውራ ጣታችሁ የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጉ። ቱቦውን የያዘውን እጃችሁን ግንባሩ ላይ አሳርፉት፤ ድንገት ቢንቀሳቀስ እጃችሁ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ዓይኑን አይወጋም። የሩዝ ፍሬ የምታክል ቅባት በቆቡ ውስጥ አድርጉ፣ የቱቦው ጫፍ ዓይኑን እንዳይነካ። ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ ያርገብግብ። ስፌቱ ያለበትን ጥግ አትሹት። ጠብታም ቅባትም ከታዘዘ ጠብታው ይቀድማል፤ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ቅባቱ። ሲያልቅ የሚወደውን ነገር አጉርሱት። በሦስተኛው ቀን ራሱ መጥቶ ይቀመጥላችኋል።

የአንገት ማሰሪያውን በደረት ማሰሪያ ቀይሩ፤ አንገቱ ሲጎተት በዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ገላውን አትጠቡት። ከሌላ ውሻ ጋር አይታገል። ከሰል ወይም እጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ አታቆዩት፤ የቡናው ሥርዓት ላይ ሌላ ክፍል ይቆይ።

ወዲያው የሚያስደውሏችሁ ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ዓይኑን ጨፍኖ መክፈት እምቢ ማለት፣ የኮርኒያው መደብዘዝ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ዓይናር፣ ቀዩ ነገር እንደገና ብቅ ማለት። መጨፈኑን «ደክሞት ነው» ብላችሁ አትለፉት። የተላቀቀ ክር ዓይኑን እየፋቀው ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ

ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሐኪሙ ስፌቱን ያየዋል። ከወር በኋላ ደግሞ የእንባው መለኪያ ይደገም። የሚሚ ከቀዶ ሕክምናው በፊት 16 ነበር፣ ከወር በኋላ 19 ሆነ። ወረቀቱ ላይ ሰማያዊው መስመር እየወጣ ሲሄድ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም። ጃክን አስታወሰኝ።

ተመልሶ ከወጣስ? ያጋጥማል፤ በትልልቅ ዝርያዎችና በቡልዶግ ላይ ይበዛል። ተመልሶ ወጣ ማለት ይቆረጥ ማለት አይደለም። እብጠቱ እስኪቀንስ ተጠብቆ እንደገና ይሰፋል፤ ወይም ከአጥንቱ ጋር ይታሰራል። በዚህ ጊዜ የዓይን ስፔሻሊስት ካለ እሱ ጋ መሄድ ይሻላል።

ሌላኛውን ዓይንም በየጠዋቱ እዩ። አንዱ የወጣበት ውሻ በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለተኛውም ሊወጣበት ይችላል።

ቀድሞ የተቆረጠበት ውሻ ያላችሁ ደግሞ ምልክት እስኪመጣ አትጠብቁ። በዓመት አንዴ እንባው ይለካ። ቁጥሩ መውረድ ሲጀምር የሚሰጠው ሳይክሎስፖሪን የሚባል ቅባት ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይቀባል። ውጤቱ እስኪታይ ሳምንታት ስለሚፈጅ «አልሠራም» ብላችሁ በአሥረኛው ቀን አታቋርጡት። ጃክ የጀመረው ጥቁሩ መጋረጃ ዓይኑን ከሸፈነው በኋላ ነበር።